ደብተር ያልያዘ አይሮጥም

ባለፈው ወር የመሮጫ ሜዳውን ቁልፍ አስረከብኩ። ተረካቢው ወጣት አሠልጣኝ ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለችውን አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ ዞሮ ዞሮ አያትና «ማማ ሙሉ፣ ይህቺን ላስጥላት?» አለኝ። አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ከሥሯ የታጠፈ ካርቶን ካልተደረገላት ትነቃነቃለች። «መጀመሪያ እኔን ጣለኝ» አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። የዚያችን ጠረጴዛ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እያነሰ መጥቷል። ስለዚህ ጡረታ የሰጠኝን ጊዜ ለዚህ ላውለው ብዬ ተቀመጥኩ።

ስሜ ሙሉነሽ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበርኩ። ጆሃንስበርግ ስገባ ዲፕሎማዬን የሚያይልኝ አላገኘሁምና እንደ አብዛኞቻችን ንግድ ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊፕታውን ወደሚባለው ሰፈር ገበያ ወርጄ ካልሲና ቀበቶ እሸጥ ነበር። ንግድ አልሆነልኝም። ደንበኛ ሲከራከረኝ እበሽቃለሁ፤ ሳይከራከር ሲቀር ደግሞ አዝኜ እቀንስለታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከምሸጥበት ቦታ አጠገብ የተማሪዎች ሩጫ ነበር። ካልሲዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ መጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ። የመቶ ሜትሩን ሰዓት የሚይዘው ልበ ቀና ሰው የማስጀመሪያውን ሽጉጥ ድምፅ እየጠበቀ ሰዓቱን ሲጫን አየሁ። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥርስ የሚያስነክስ ነገር ነው። ድምፅ ከጭሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሰዓት ያዥ ማየት ያለበት ጭሱን ነው። ዝም ማለት አቃተኝና «ስሞክ! ስሞክ! ኖት ሳውንድ!» ብዬ ጮህኩ። ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ረጅምና ቀጭን፣ ቀኝ እግራቸውን ሳብ የሚያደርጉ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ወደ እኔ መጡ። ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ሰዓት አወጡ። «እስቲ አንቺ ያዢው» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ያዝኩ፤ ሰዓቱንም ከዚያ ወዲያ ለእኔው ተዉልኝ፣ ለራሳቸው ሌላ ነበራቸው። ካልሲዎቼን ማን እንደወሰዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኚህ ሰው ንታቴ ሞላፖ ይባላሉ። «ንታቴ» በሶቶ ቋንቋ «አባቴ» እንደማለት ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሃያ አምስት ዓመት ያህል ስተዋወቅ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም፤ እሳቸውም «ሲስ ሙሉ»፣ እህት ሙሉ እንደማለት፣ ይሉኛል። በከተማው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሩጫ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። መጀመሪያ በሰዓት ያዥነት፣ ቀጥሎ በረዳትነት ወሰዱኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ወረቀቴ እስኪስተካከልም ብዙ ሰልፍ ቆሜያለሁ። ግን የምሠራው የማውቀውን ነበር። ያንን የሚያህል ደስታ በስደት ብዙ ሰው አያገኝም።

የጠረጴዛዋ ሕግ የእሳቸው ነው። ማንኛውም ሯጭ ለልምምድ ሲመጣ የክፍል ደብተሩን በሩ ላይ ያስቀምጣል። ንታቴ ደብተሩን ገልጠው የዕለቱን ገጽ ያያሉ። ከዚያ ልጁ እየተንጠራራና እግሩን እያሟሟቀ የተማረውን በራሱ አነጋገር ይነግራቸዋል። በመጣልህ ቋንቋ ንገረኝ ነው የሚሉት። ዙሉ፣ ሶቶ፣ ቬንዳ፣ ጾንጋ፣ አፍሪካንስ፣ ሁሉንም ይሰማሉ። «በሰው ቋንቋ በቃሉ ይደግመዋል፤ በራሱ ቋንቋ የሚናገረው የገባው ሲሆን ነው» ይሉ ነበር። ደብተር ያልያዘ አይሮጥም። የአገር ሻምፒዮን ቢሆን አይሮጥም፤ ሻምፒዮን ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ግትርነት ከየት እንደመጣ አንድ ከሰዓት፣ ነጎድጓድ ከሜዳ አባሮን ዕቃ ቤት ተጠልለን ሳለ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው የማዕድን ማውጫ ሠራተኛ ነበሩ። ማዕድን ማውጫው የሩጫ ቡድን ነበረውና ፈጣን ስለሆኑ ከመሬት በላይ ቀላል ሥራ ሰጧቸው፤ ሥጋ አበሏቸው፤ ፎቷቸውን ቢሮ ሰቀሉ። ማንበብ ልማር ብለው ሲጠይቁ «አንተ ሩጥ እንጂ» ተባሉ። ጉልበታቸው በተጎዳ በወሩ ወደ ጉድጓድ መለሷቸው። ፊደል የቆጠሩት ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ሰዓታቸውን በመሐረብ እየወለወሉ ነበር። ሲናደዱም ሲያዝኑም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጮኸው አያውቁም።

ሙያውን ያስተማሩኝ በጥቂት ቃላት ነው። የሰዓቱን ቁልፍ ልልነቱ እስኪያልቅ አስቀድመሽ ጫን አድርገሽ ጠብቂ፤ ከዚያ ጣትሽ ረጅም መንገድ አይሄድም። ሯጭ ሲደክመው መጀመሪያ የሚናገረው ትከሻው ነው፤ ወደ ጆሮው ይወጣል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ኮቴውን ስሚ፣ አንዱ እግር ከሌላው ከከበደ ያ ልጅ ነገ ይታመማል። እንዲህ ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ እግር አድኛለሁ። አንዲት ልጅ ግን ዓይኔ ተገልጦ እያየ አጠፋሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ገንዘብ ፍትሐዊ ልሁን። ሩጫ በባዶ ሆድ አይሆንም። አሌክሳንድራ ከሚባለው የድሃ ሰፈር ቁርስ ሳይበሉ በታክሲ የሚመጡ ልጆች ነበሩን፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ፊታቸው አመድ ይመስላል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ኔል አንድ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ኩባንያ በስፖንሰርነት ባመጣልን ዓመት፣ አውቶቡስ አገኘን፣ ምሳ አገኘን፣ ጡንቻ የሚያሽ ባለሙያ አገኘን። የበሉ ልጆች በክፍልም ነቁ። ኔልን ክፉ ሰው አድርጌ ብስለው ውሸት ይሆንብኛል።

ትዕግስት የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። አባቷ አቶ ጴጥሮስ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣሉ። ልጅቷን የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና አምጥተው ከተማው ውስጥ ትሮይቪል ሰፈር ነው ያሳደጓት። በእንግሊዝኛ ታስባለች፣ ቤት ሀዲይኛ ትሰማለች፣ አማርኛን ከሱቅና ከቤተ ክርስቲያን ነው የለቀመችው። እንደ ጆበርግ ልጅ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ትላለች። የሕይወት ሳይንስ መምህርት ለመሆን በስኮላርሺፕ ገባች። አምስት ሺህ ሜትር ስትሮጥ ደግሞ ትከሻዋ እስከ መጨረሻው ዙር ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

አባቷ የመጀመሪያ ቀን ሜዳ ድረስ ይዘዋት መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ወይዘሮ ሙሉ፣ እኔ አልተማርኩም፣ እናቷም አልተማረችም። ዲግሪ ይዛ እንድትወጣ ነው የምፈልገው። አደራ» አሉኝ። አደራ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ አይነገርም። ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ለንታቴ የተማረችውን በእንግሊዝኛ ነበር የምትነግራቸው፤ ጥርት አድርጋ። አንድ ቀን በአማርኛ ጀመረች። ንታቴ ከሚሰሟቸው ቋንቋዎች መሀል አማርኛ ስለሌለ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?» አሉኝ። እኔ ተረጎምኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ዓመት የሰው ቋንቋ ስሰማ ኖሬ የእኔው ተራ ደረሰ። ልጅቷ ከሦስቱ ቋንቋዎቿ ደካማውን ለምን እንደመረጠች ራሴን አልጠየቅኩም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ኩባንያው ፊቷን ወደደው። ሥዕሏ በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወጣ። ጠዋት ፎቶ፣ ቀትር ላይ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ በኩባንያው ስም ሩጫ። አንድ ማክሰኞ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እግሯን እያፍታታች፣ ፊቷን ሳትቀይር በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ሙሉ፣ ዛሬ ክላስ አልገባሁም። ፎቶ ነበረ። ደብተሩ የጓደኛዬ ኮፒ ነው። ፕሊዝ እንዳትነግሪው።»

ንታቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

«ስለ ልብ ነው የተማሩት» አልኩ። «አራት ክፍል አለው፤ ደሙ በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ተመልሶ በግራ ይወጣል አለች።»

የማውቀው ነገር ነው፤ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ውሸቱ አማረ። ንታቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ፤ ግቢ» አሏት።

አንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሆነ፤ ከዚያ ወሩን። እሷ በአማርኛ የት እንደዋለች ትነግረኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ትምህርት እፈጥርላታለሁ። ሳንባ አስተማርኳት፣ አጥንት አስተማርኳት፣ ዓይን አስተማርኳት፤ አንዱንም ሳትማር። ሁለታችን ብቻ የምንሰማው ቋንቋ ነበረንና ተሸሸግንበት። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም። የአገሬ ልጅ ናት፤ አባቷ አደራ ብለውኛል፤ እሷ ካልሮጠች የሌሎቹ ምሳ ይቀራል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ «ልጃችን!» እያሉ ሲያቅፉኝም አልጠላሁም። ይሄም ይጻፍ።

የዓመቱ ፈተና መጣ። ከስድስት ትምህርት አራቱን ወደቀች፤ ዩኒቨርሲቲውም አሰናበታት። ተማሪ ካልሆነች ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር መሮጥ አትችልም፤ መሮጥ ካልቻለች ኩባንያው አይፈልጋትም። በአንድ ወር ውስጥ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሌላ ልጅ ሥዕል ተለጠፈ።

ለንታቴ የነገርኳቸው እዚያችው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የራሳቸውን ሰዓት አውጥተው መወልወል ጀመሩ። ብዙ ወለወሉ።

«ልጅቷ እኔን አልዋሸችኝም» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱን ነው የተናገረችው፤ በየቀኑ። የዋሸሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ በአንቺ ጆሮ ነበር የምሰማት፣ ሲስ ሙሉ። ተይ የሚላት ሰው ስትፈልግ ነበር እኮ። በየቀኑ የምትነግርሽ ለምን ይመስልሻል?»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ክሊፕታውን የሰጡኝን ሰዓት ማለታቸው ነው። «ያየውን የሚናገር ሰው ነው ይህን የሚይዘው» አሉ። ሰጠኋቸው። አንድ ሙሉ ዓመት ሰዓት አልያዝኩም። ሥራዬ በሩ ላይ ተቀምጦ ደብተር ማየት ብቻ ሆነ። ልልቀቅ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ብለቅ ጥፋቴን ለሌላ ሰው ትቼለት መሄድ ሆነብኝ። አልለቀቅኩም።

አቶ ጴጥሮስ ጋም ሄድኩ። የልጃቸውን ፎቶ ከመጋረጃዎቹ በላይ ሰቅለውታል። ሁሉንም ስነግራቸው ደንበኛ ገባ፤ «ሳውቦና ማማ» ብለው በዙሉ ሰላምታ ተቀብለው፣ ብርድ ልብስ ሸጠው፣ ሸኝተው ተመለሱ። ከዚያ ነው ድምፃቸው የተሰበረው።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ አደራ ስልዎት እኮ እንዲሸፍኑላት አልነበረም።»

ትዕግስት ከመደርደሪያው ኋላ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ቀን ከሱቁ ወጥቼ እየተራመድኩ ለራሴ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ከዚህ በኋላ ያቺን ጠረጴዛ ሳይነካ የሚያልፍ ሯጭም ሆነ ብር አይኖርም።

ንታቴ በዓመቱ ሰዓቱን መለሱልኝ። ጡረታ ሲወጡ የቡድኑ ኃላፊነት ለእኔ ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ የመጠጥ ኩባንያው ውል አለቀና ሚስተር ኔል ሌላ፣ ከበፊቱ የሰፋ ውል ይዞ መጣ። የመሮጫ ሜዳው ይታደሳል፣ ጫማ ለሁሉም ይገዛል። በምላሹ ኩባንያው በመረጠው ቀን ምርጥ ሯጮቻችን ይሮጡለታል። ከቀኖቹ ሁለቱ የፈተና ሳምንት ላይ ናቸው።

«ሙሉ፣ ልጆቹ ጫማ የላቸውም» አለኝ ኔል።

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምሰፋላቸው።»

«እንግዲያው ምንድን ነው ችግሩ?»

«ሦስት መስመር ይጨመርልኝ» አልኩት። በፈተና ሳምንት ሩጫ የለም። በክፍል ሰዓት ፎቶ የለም። ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች አስጠኚ ይቀጠራል፣ ከዚያው ከስፖንሰሩ ገንዘብ። ኔል ወረቀቱን ገፋ አደረገውና «ይህን ብጠይቃቸው ይሄዳሉ» አለ።

«ይሂዱ።»

ሄዱ። የጀግንነት ታሪክ አድርጌ እንዳልጽፈው የተከተለውንም ልናገር። አውቶቡሱ ቀረ። ሁለት ጎበዝ ልጆች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ፤ አንደኛው ሲሰናበተኝ «ማማ፣ የአንቺ ደብተር አያበላኝም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ውድድር የምንሄደው በታክሲ ተጠቅጥቀን ነው። እኔም እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ ነበረ፤ የራሴን ጸጸት ለማስታገስ የሰው ልጅ እያስራብኩ ይሆን እንዴ እያልኩ። ግን አልተመለስኩም። በየመምህራኑ በር ዞሬ በነፃ የሚያስጠኑ ለመንኩ። በየሱቁ ዞሬ ዳቦና ወተት ለመንኩ፤ አቶ ጴጥሮስ ሳይቀሩ ሰጡኝ። በመጨረሻ የአሌክሳንድራ ሰው የሆኑ፣ ታክሲዎች ያሏቸው አንዲት ሴትዮ በመምህራኑ በኩል ሰምተው መጡ። ሦስቱን መስመር አስነብበው፣ «በቃ ይህ ብቻ ነው? ሻርፕ፣ እሺ!» ብለው ፈረሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ፣ ለልጆቹም ቁርስ። ኔል ራሱ በኋላ ለሌሎቹ ስፖርቶችም ሦስቱን መስመር በውሉ ውስጥ አስገባ፤ የራሱ ሐሳብ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ እኔም አላርመውም።

ትዕግስት ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ቀን አባቷን ሱቅ እያገዘች፣ በግማሽ ጊዜ ተማሪነት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስትመለስ አልነገረችኝም። አንድ ቀን ከሰዓት ቀና ስል ጠረጴዛዋ ፊት ቆማለች፤ ሰላሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ለቡድን አይደለም» አለችኝ። «መሮጥ ብቻ ናፍቆኝ ነው። ይቻላል?» ደብተሩን ገልጬ አየሁ። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ሥርዝ ድልዝ የበዛበት። «ይቻላል» አልኳት። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አንዴ ብቻ ሆነልኝ፤ «ተዪው እትዬ፣ እኔም ነበርኩበት» አለችኝና ሄደች።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ልጆቹ ኬክ አመጡ፤ ኔል አጭር ነው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ንታቴ ሞላፖ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ከአሌክሳንድራ በታክሲ ይዛቸው መጣች። ጠረጴዛዋ አጠገብ ወንበር አደረግንላቸውና ምርኩዛቸውን እሷ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ፀሐይ ገና አልበረደም።

ትዕግስት ከክፍል ወጥታ በሩጫ ደረሰች። ንታቴን ስታይ በሩ ላይ ቆም አለች። ከዚያ እንደ ድሮው ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሳቸውም ገለጡት። በእንግሊዝኛ መናገር ትችል ነበር። እኔን እያየች በአማርኛ ጀመረች፦

«ዛሬ የተማርነው ስለ ኩላሊት ነው። ደሙን እንዴት እንደሚያጣራ ገብቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሹ አልገባኝም። ያለፈውን ፈተና ወድቄያለሁ። ድጋሚውን ሐሙስ እፈተናለሁ። ፈርቻለሁ።»

ንታቴ ወደ እኔ ዞሩ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ምን አለች?»

ኔል ኬክ እንደያዘ ቆሟል፤ ልጆቹ ሁሉ ያዩናል። ኩላሊትን ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ከፈለግኩ ሙሉውን ላሳምርላቸው እችል ነበር።

«ስለ ኩላሊት ነው የተማሩት፣ ንታቴ» አልኩ። «ደሙን እንዴት እንደሚያጣራ ገብቷታል። ግማሹ ግን አልገባትም። ያለፈውን ፈተና ወድቃለች። ሐሙስ ድጋሚ ትፈተናለች። ፈርታለች።»

ንታቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን ከመሐረቡ አወጡና፣ ሳይወለውሉት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው አንድ ዙር ትሩጥልን» አሉ። «ሲስ ሙሉ ትያዝላት፣ ለመጨረሻ ጊዜ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ሰዓቱን አንስቼ ቁልፉን ልልነቱ እስኪያልቅ ጫን አድርጌ ጠበቅኩ። ትዕግስት ሜዳውን አየች፤ እንዴት እንዳየችው እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ደብተሯን ከንታቴ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች፣ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፣ እኔን ሳመችኝ፣ «አርብ እሮጣለሁ» አለች በአማርኛ፣ «ዛሬ ላይብረሪ ነኝ።» ሣሩን አቋርጣ ሄደች።

ለንታቴ ልተረጉምላቸው ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ ዓይናቸውን ከጀርባዋ ላይ አልነቀሉም።

«ተይው» አሉኝ። «ይህችኛዋ ራሴው ገባችኝ።»